ድምፁን የቀየራችሁትን ፊልም በአሮጌው ስሙ አትስጡን

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የእህቴን ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ ለዓመታት ሳወራለት የኖርኩትን ፊልም ላሳየው ተዘጋጀሁ። ፊልሙ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የሠራው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለው፣ ሙታን ተነስተው ሰው የሚበሉበት አስፈሪ ፊልም ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፍዬ ባወረድኩበት ገጽ ላይ በፖስተሩ ሥር የተጻፈው ዓመት 1968 ሲሆን፣ የዳይሬክተሩም ስም የሮሜሮ ነበር። መብራቱን አጥፍተን ተቀመጥን። ይሁንና ፊልሙ የተጀመረው እኔ በማውቀው ባዶ የገጠር መንገድ ሳይሆን ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ትዕይንት ነበር፤ እሱ አልፎ የማውቀው ምስል ሲመጣ ደግሞ ከሥሩ የሚሰማው ሙዚቃ ሌላ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ታግሼ አየሁ። ልጁ ዞር ብሎ «አጎቴ፣ ያስፈራል ያልከኝ ይኼ ነው?» አለኝ። ያንን ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም፤ ይህን የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የታየን ቅጂ በ1999 የፊልሙን 30ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የወጣው ነው። በእርሱ ላይ ሮሜሮ እጁ የለበትም። ከሮሜሮ ጋር ድርሰቱን የጻፈው ጆን ሩሶ ከ30 ዓመት በኋላ አዳዲስ ትዕይንቶችን አስቀርጾ በአሮጌው ፊልም ውስጥ አስገባ፤ ከቀድሞው ምስል ቆርጦ አወጣ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነባሩን ማጀቢያ ሙዚቃ አንስቶ ስኮት ቭላዲሚር ሊሲና በሠራው አዲስ ሙዚቃ ተካው። አዲስ ትዕይንት ሲመጣ ተመልካቹ ስለሚያውቀው በልቡ ዘልሎት ሊያልፍ ይችላል። ሙዚቃ ግን በእያንዳንዱ ምስል ሥር ስለሚገባ የቀረውን ነባር ፊልም ሁሉ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ እኔን ያመመኝ ከተጨመረው ትዕይንት ይልቅ የጠፋው ድምፅ ነው።

በቀድሞው ፊልም ውስጥ የሚያስፈራውን ነገር ላስታውሳችሁ። ከሙታኑ ሸሽተው አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ከተደበቁት ሰዎች አንዱ፣ ዱዋን ጆንስ የሚጫወተው ቤን፣ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ጣውላ ሁሉ እየለቀመ በርና መስኮቱ ላይ ይቸነክራል፤ መዶሻው ይሰማል፣ ከውጭ ፌንጣን የመሳሰሉ የሌሊት ነፍሳት ይጮኻሉ፣ አብራው የተደበቀችው ባርብራ በድንጋጤ አንደበቷ ተዘግቶ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፣ ሬዲዮኑም ስሜት በሌለው የዜና አንባቢ ድምፅ ስለ እልቂቱ ሳያቋርጥ ይናገራል። ፍርሃቱ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። አንባቢው ዓለም እየፈረሰች ሳለ እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ረጋ ብሎ ሲያነብ፣ ሰሚው ማንም እንደማይደርስላቸው ከድምፁ ይረዳል። ከዚህ በላይ «አሁን ፍሩ» የሚል ሙዚቃ ሲጫንበት ሬዲዮኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዝም ብሎ የተተወው ቦታ ሁሉ ይሞላል፤ ተመልካቹም ከእነዚያ ሰዎች ጋር በቤቱ ውስጥ መታሰሩ ቀርቶ ከውጭ ሆኖ ፊልም የሚያይ ሰው ይሆናል። የእህቴ ልጅ ያልፈራው ስለዚህ ነው እንጂ የዛሬ ልጅ ስለሆነ አይደለም።

አንዳንድ የፊልም ወዳጆች «የቀድሞው ሙዚቃ እኮ ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ አይደለም፣ ከሙዚቃ ማከማቻ የተገዛ ርካሽ ሙዚቃ ነው፤ ቢቀየር ምን ይጎዳል?» ብለው ይከራከሩኛል። ከማከማቻ መገዛቱ እውነት ነው። ፊልሙ በ114,000 ዶላር ገደማ የተሠራ ስለሆነ ለኦርኬስትራ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን የተገዛውን መርጠውና አዛምደው የት እንደሚገባ፣ በይበልጥም የት እንደማይገባ የወሰኑት ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ያንን ቁጡ አባት ሃሪ ኩፐርን የተጫወተው ካርል ሃርድማን እኮ የኤሌክትሮኒክ ድምፆቹን በራሱ እጅ የሠራ ሰው ነው! ርካሽ ዕቃ በብልህ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ያንን የእጅ ሥራ አንስቶ መጣል ደግሞ ዋጋው ስንት እንደሆነ በማየት ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ፊልሙ እንዲህ ለማንም እጅ የተጋለጠበት ምክንያትም ያሳዝነኛል። በመጀመሪያ የተሰጠው ርዕስ ሌላ ነበር። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከአሮጌው የርዕስ ጽሑፍ ጋር አብሮ ወጣ፤ አዲሱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ይህ ብቻ ፊልሙን የሕዝብ ንብረት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማንም ያገኘውን ቅጂ፣ የደበዘዘውንም፣ ቀለም የተቀባውንም፣ ሙዚቃው የተለወጠውንም አባዝቶ ይሸጣል። መሸጡን ሕጉ ፈቅዶለታል፤ የ1999ኙን ሥራ «1968» ብሎ መጻፍን ግን ማን ፈቀደለት?

ችግሩ የዚህ ፊልም ብቻ አለመሆኑ ደግሞ የበለጠ ያበሳጫል። «ጆውስ» የተባለው የ1975ቱ የሻርክ ፊልም በድምፁ ኦስካር የተሸለመ ነው። በ2000 ለ25ኛ ዓመቱ በዲቪዲ ሲወጣ ግን ያ የተሸለመው ሞኖ (በአንድ መስመር የሚሰማ) ድምፅ ቀርቶ፣ አንዳንድ የድምፅ ውጤቶቹ የተተኩበት አዲስ የ5.1 (በዙሪያ ከተቀመጡ ብዙ ድምፅ ማጉያዎች የሚወጣ) ቅንብር ብቻ ተሰጠን። ነባሩ ድምፅ በዲቪዲ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በ30ኛ ዓመቱ እትም ነው። «ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለው አስፈሪ ፊልምም በ2000 ትዕይንትና ድምፅ ተጨምሮበት ወደ ሲኒማ ተመልሷል። እኔ የ1973ቱን ብመርጥም በዚያ ላይ ቅሬታዬ ቀላል ነው፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ራሱ ያለበት ሥራ ነው፣ የተለየ ስምም ተሰጥቶታል፣ የቀድሞውም ለሚፈልገው አልጠፋም። እኔ የምለምነው ይህንኑ ያህል ነው። አዲስ ሙዚቃ መሥራት የሚፈልግ ይሥራ፣ የሚወደውም ይስማው፤ ነባሩ ድምፅ ግን ከጎኑ ይቀመጥ፣ በሽፋኑ ላይም የትኛው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ደግሞስ ጥሩው ቅጂ ባይኖር ኖሮ ቸግሯቸው ነው እል ነበር። አለ እኮ! የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና አሮጌ ፊልሞችን የሚያድሰው ድርጅት ፊልም ፋውንዴሽን ከመጀመሪያው የካሜራ ኔጋቲቭ ተነስተው ፊልሙን አድሰውት በ2016 ታይቷል፤ ክራይቴሪየን የተባለው የፊልም አሳታሚ ደግሞ በ2018 ነባሩን ሞኖ ድምፅ ይዞ አሳትሞታል። ሮሜሮ በ2017 ከማረፉ በፊት እድሳቱን ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተከታትሏል፤ ጆን ሩሶም ራሱ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቶ እያለ ከእኛ ገንዘብ ተቀብሎ ያንን የተደባለቀ ቅጂ በሮሜሮ ስም የሚያቀርብ ሻጭ፣ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ምን ይከብደዋል? ጽፌላቸው ነበር። «የምስል ጥራቱ ላይ ችግር ካለ ያሳውቁን» የሚል መልስ ደረሰኝ። ስለ ድምፁ ያልኩትን አንብበው አልገባቸውም፣ ወይም ድምፅ የፊልም አካል ነው ብለው አያስቡም።

ልጁን ለመጪው ቅዳሜ እንደምንም አግባብቼዋለሁ። እናንተም የምትወዱትን ሰው አስቀምጣችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ብቻችሁን የመጀመሪያውን ደቂቃ ክፈቱት። ባዶ የገጠር መንገድ ላይ አንዲት መኪና ከሩቅ ወደ እናንተ እየመጣች ከሆነ ፊልሙ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ማንኛውም ነገር ከታያችሁ ዝጉትና ገንዘባችሁን እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ።