ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ጠዋት

በአሜሪካ የብርድ ወራት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይላል። እዚያ ያሉት የሥራ ባልደረቦች ቡናቸውን ይዘው ለስታንድአፕ (ለአጭሯ የዕለት ስብሰባ) ካሜራ ሲከፍቱ፣ እዚህ ያለው ፕሮግራመር ልጆቹን አስተኝቶ፣ እራቱን በጥድፊያ ጎራርሶ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሠርቻለሁ። ክፍያው በዶላር ስለነበር ዝለቱን ለራሴ እንኳ ሳላምን ቆየሁ። በዶላር እየተከፈለው ደከመኝ የሚል ሰው ማን ያምነዋል? እናቴም «ልጄ፣ ቁጭ ብለህ እኮ ነው የምትሠራው» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የከዳኝ ማንበብ ነው። የገዛ እጄ የጻፈውን አንድ ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) አምስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚሠራ አልይዘውም። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ ባልደረባዬ ኮዴ ላይ አስተያየት ሲጽፍ የሰደበኝ ይመስለኛል። በመጨረሻ ባግ (የኮድ ስህተት) ተገኘ ሲሉኝ «የራሳችሁ ጉዳይ» ማለት ጀመርኩ፣ በሆዴ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን፣ ማለትም የሥራ ዝለትን፣ ሲተረጉም ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ አላለውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ይህቺ አባባል ትልቅ ናት። ጥፋቱን ከሰውዬው ስንፍና ላይ አንስታ ወደ ሥራው ትወስደዋለችና።

ምክር ግን ሁሉም የሚመክረው ሰውዬውን ነው። ስልክህን አጥፋ፣ ስፖርት ሥራ፣ በፖሞዶሮ 25 ደቂቃ ሠርተህ 5 ደቂቃ እረፍ። (ስሙ የመጣው ቲማቲም ከሚመስል የወጥ ቤት ሰዓት ነው፤ እኔም ገዝቼ ነበር፣ ልጆቼ ሰበሩት።) ሥራ ለመጀመር ለሚያመነታ ሰው ይረዳ ይሆናል። ሌሊት 10 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 2 ሰዓት ለሚነሳ ሰው ግን የትኛውም ሰዓት ቆጣሪ እንቅልፍ አይሆንለትም። የኔ ችግር የነበረው ውሌ ውስጥ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛውን 1.75 እጥፍ ያስከፍላል። እኛ ግን ለውጭ ድርጅት «በግል ተቋራጭነት» ስለምንፈርም ይህ ሁሉ አይደርሰንም። ስለዚህ ሕጋችንን ራሳችን ውሉ ላይ ማጻፍ አለብን፤ ከክፍያውም በፊት። ከእነሱ ጋር በአንድ ጊዜ የምገኘው በቀን ስንት ሰዓት ነው? ሌሊት ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) ቢወድቅ የሚደወለው ለማን ነው? ጀማሪ እንዲህ ለመደራደር አቅም እንደሌለው አውቃለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ውል እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ቢያንስ ግን የሌሊቱ ሥራ የሚያበቃበትን ወር ለራሱ ይቁረጥ።

አሠሪዎች ይህን እንደ ቅንጦት ካዩት የኤክስዜድን ታሪክ ያስታውሱ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት በሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን ይህን የፋይል መጭመቂያ ለዓመታት ያለ ክፍያ የያዘው አንድ ፊንላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 «ለምን ዘገየህ?» የሚሉ ኢሜይሎች ሲደራረቡበት፣ የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረውና ሥራውም ደመወዝ እንደሌለው ጻፈላቸው። «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ አጋዥ ግን ቀስ በቀስ ፕሮግራሙን የመቀየር ሥልጣኑን ተጋራው፤ በ2024ም የጓሮ በር (ሰርጎ ለመግባት የሚያገለግል ስውር ኮድ) ከትቶ አዲስ ቅጂ አወጣ። የተደረሰበት አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን እንደዘገየበት ሲመረምር ነው። የአንድ ሰው መዛል የዓለምን ሰርቨሮች ለአደጋ አጋልጦ ነበር።

አሁን ባለኝ ውል በጋራ የምንሠራው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3። የቀረው በጽሑፍ ያልቃል። ስጠይቃቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ «እሺ» ብለው ወደ ሚቀጥለው ነጥብ አለፉ። ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ስለሚያስቀድሙ ስብሰባው ወደ 12 ሰዓት ይመጣልኛል። እነዚያን ወራት እራት የምበላው ከልጆቼ ጋር ነው።