ምስጋና ለበር ሊቃውንት

"ታይታኒክ ፊልም እኮ ዝም ብሎ ተጋኖ ነው" የሚሉን ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ሰሞኑን ካፌ ውስጥ አንዱ ሊቅ ሳልጠይቀው አስተማረኝ። ትምህርቱን እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መርከቧ ስትሰጥም ሮዝ ተንሳፋፊ በር ላይ ወጥታ ተረፈች፣ ፍቅረኛዋ ጃክ ውሃው ውስጥ በብርድ ሞተ፤ በሩ ግን ለሁለት ይበቃ ነበር።

ሊቁ ያለ ማስረጃ አይናገርም። የአስተናጋጇን ትሪ ተቀበለ። ማኪያቶው ሮዝ ሆነች፣ የውሃው ጠርሙስ ጃክ። የስኳር ዕቃው ሥራ ፈትቶ ስለነበር የበረዶ ግግር ተደርጎ ተሾመ። ጠርሙሱ ከማኪያቶው ጎን ተጋደመ። "ይኸው፣ በቃ አይደል!" ጠርሙሱ ተንከባሎ ሲወድቅ ነገሩ ወደ ፊዚክስ ዞረ። የሮዝን የሕይወት አድን ጃኬት ከበሩ ሥር ቢያስሩትስ? በየተራ ቢወጡስ? ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሌላ ሊቅ ተነስቶ ሒሳቡን አረመ። አስተናጋጇ ትሪዋን ብትጠይቅ "ቆይ እስቲ፣ ሰው እያዳንን ነው" ተባለች።

ጃክ ሊወጣ ሞክሮ በሩ እንደተገለበጠ ፊልሙ ራሱ ያሳያል ልል ነበር። ተውኩት። ለካ ፊልሙን ማየት ለትንተና እንቅፋት ነው! ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን እንኳ ጭቅጭቁ ሰልችቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ሰዎችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቶ አስሞክሯል። በሩም (የበር መቃን ቁራጭ ነው እንጂ በር እንኳ አይደለም) በ2024 በጨረታ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ።

ፊልሙ በ14 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ 11 ወስዷል። ከ14ቱ ውስጥ ስክሪፕት የለም። ተጋኗል ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ምን ሲሳይ አለ? የሮዝ እጮኛ ክፋቱ ገና አፉን ሳይከፍት ያስታውቃል፤ አንዳንዱ ምልልስ ደግሞ ለሰሚው ያሳፍራል። ሊቃውንቱ ግን እንዲህ ባለ ተራ ነገር ጊዜ አያባክኑም። በር እየለኩ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ያበግነኛል። እውነተኛዋ መርከብ ላይ ከ2,200 በላይ ሰው ነበር። የጀልባዎቹ ቦታ ለ1,178 ሰው ብቻ። እሱም አልሞላም! 40 ሰው የምትይዝ አንዲት ጀልባ 12 ሰው ይዛ ሄደች። 1,500 ያህል ሰው አለቀ፤ ድሃው ከሀብታሙ ይልቅ አለቀ። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ይህንን ነው ዓይናችን ውስጥ የሚከተው፤ ለዚህ ሲባል 11ዱም አይበዛበትም። ክፍት ቦታ የሚፈልግ ሰው ጀልባዎቹን ይቁጠር!

ይቅርታ፣ ጮህኩ። ሊቃውንቱ አሁን ወደ ሮዝ የአልማዝ ሐብል ተሸጋግረዋል። በስተርጅናዋ ባሕር ውስጥ ባትጥለው ስንት ኮንዶሚኒየም ይገዛ ነበር? የዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ስላላስማማቸው ጉዳዩ ለነገ ተቀጥሯል።