መሀል የማይቆርጡ ሽማግሌዎች

ሜሪላንድ ላይ የካቲት ሲገባ በረዶው ገና አልቀለጠም። ለልጄ ግን ብርዱ አልፏል። ቁርሱን እየበላ ስልኩ ላይ አፍጥጦ «አባዬ፣ ወርዋሪዎቹ ገቡ!» ይለኛል። የት እንደሚገቡ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለካ ፍሎሪዳ ነው። 30ዎቹ የቤዝቦል ክለቦች ግማሾቹ ፍሎሪዳ፣ ግማሾቹ አሪዞና ወርደው ስድስት ሳምንት ያህል ይዘጋጃሉ። ኳስ ወርዋሪዎቹና ቀላቢዎቹ ከሌላው ቀድመው ይገባሉ።

እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ቤዝቦል ለኔ ሰው ቆሞ ሱፍ እየቆረጠመ የሚተፋበት ጨዋታ ነበር። ጨዋታውን አሁንም በደንብ አልወደድኩትም። ከጨዋታው በፊት ያለውን ወር ግን ወደድኩት። ማን ይቀራል፣ ማን ይሸኛል፣ ማን ስንት ይፈርማል የሚባልበትን ወር ማለቴ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካምፕ የሚገባው ሰው ከስልሳ ሊያልፍ ይችላል። በክለቡ ዋና መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት 40 ናቸው። ውድድሩ ሲጀመር ዋናው ቡድን ውስጥ የሚቀሩት 26 ብቻ። መዝገቡ ላይ ሳይኖር በግብዣ የመጣ ተጫዋች ከሩቅ ይታወቃል፤ ጀርባው ላይ 70 ወይም 80 ምናምን የሚል ቁጥር ይለጥፉበታል። ልጄ በየዓመቱ ከነዚህ አንዱን ይመርጥና የራሱ ያደርገዋል። አምና 87 ቁጥርን ይዞ ነበር። ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት አይችልም፤ ግን «ዛሬ 87 መታ፣ ዛሬ 87 አልተሰለፈም» እያለ ወሩን ሙሉ ነዘነዘኝ።

በእነዚህ 26 ሰዎችና በተቀሩት መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። በፈረንጆቹ 2025 ዋናው ሊግ ውስጥ ላለ ተጫዋች ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለው ልጅ በ2023 በተፈረመው ስምምነት መነሻው 35,800 ዶላር ሆነ። ያውም በተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ከታቀፉ በኋላ፤ ከዚያ በፊት 17,500 ነበር። የታችኞቹ ልጆች በዝግጅቱ ወር ደመወዝ እንኳ አይከፈላቸውም ነበር። «አሜሪካ ሁሉም በሕግ ነው» ለሚሉን ወዳጆች ይህንን ጣል አደርግላቸዋለሁ።

ሕጉ ራሱ ደግሞ ተንኮል ያውቃል። አንድ ተጫዋች ስድስት ሙሉ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነፃ ወጥቶ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ለአገልግሎት «አንድ ዓመት» የሚባለው 172 ቀን ነው። በ2015 የቺካጎ ከብስ ክለብ ክሪስ ብራያንት የሚባል ወጣት ነበረው። በዝግጅቱ ጨዋታዎች 9 ሆምረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ የሚጥል ምት፣ መታ። እሱን የሚያህል አልነበረም። ውድድሩ ሲጀመር ግን ወደ ታችኛው ቡድን አወረዱት፤ «መከላከሉ ላይ ይሥራ» ተባለ። ሚያዝያ 17 በፈረንጆቹ መልሰው ጠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ ቀኑ ተቆጠረ፤ 171። አንድ ቀን ጎደለው! በዚያች አንድ ቀን ክለቡ ተጨማሪ ዓመት አገኘበት። ልጁ አቤት አለ፤ በ2020 አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

ይህንን ያነበብኩ ዕለት ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

የእህቴ ልጅ አገር ቤት በረኛ ነው። ከዋናው ሊግ በታች ያለ አንድ ክለብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ነሐሴ ላይ ክለቡ ለዝግጅት ሀዋሳ ሊወርድ ነው ተባለ። ጫማውን አጥቦ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት፣ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። አሠልጣኙ ጋ ሲደውል «እንደዋወላለን፣ አታስብ» አለው። አልደወለም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የቡድኑን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አየው። ሌላ በረኛ ቆሟል። የእሱን ማልያ ለብሶ። ማንም «አንተን አንፈልግህም» አላለውም። ውሉ አልቋል ወይስ አላለቀም? እሱም አያውቅም፤ ወረቀቱ ያለው ክለቡ ቢሮ ነው።

ብራያንትን ቀኑን ቆጥረው ነው የበሉት። የእህቴን ልጅ ያለ ቁጥር። የትኛው ይከፋል ብትሉኝ እኔ የኛው ነው እላለሁ። የተቆጠረብህን ቢያንስ ከሰህ ትጠይቅበታለህ። «እንደዋወላለን»ን ግን ለማን ትከሰዋለህ?

ገንዘቡም እንዲያው ነው። እዚህ የማንም ተጫዋች ደመወዝ እስከ ሳንቲሟ አደባባይ ላይ ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቁርስ ላይ ይዘረዝረዋል። እኛ ዘንድ በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። ከጣሪያው በላይ ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን ቡና ቤቱን አልለቀቀም።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። የወደድኩት እነሱን ነው።

ሦስት ዓመት ያህል ያገለገለና ነፃ ለመውጣት ገና ዓመታት የቀሩት ተጫዋች ከክለቡ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ ነገሩ ወደ ሦስት ገላጋይ ዳኞች ይሄዳል። ተጫዋቹ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ ክለቡም አንድ ቁጥር ይጽፋል። ዳኞቹ ሁለቱንም ሰምተው አንዱን ይመርጣሉ። መሀል መቁረጥ ክልክል ነው። ይኸው ነው ሕጉ።

ይህንን ልጄ ሲነግረኝ አላመንኩትም። መሀል ያልቆረጠ ምኑን ሽማግሌ ነው? እኔ ራሴ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት አብረው ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አንዱ «10,000 ዶላር ይገባኛል» አለ፤ ሌላው «ከ2,000 አላልፍም»። ግማሽ ቀን ለመንናቸው፣ «አንተም ተው፣ አንተም ጨምር» አልናቸው። 6,000 ላይ ጨረስን። ቡና ተጠጣ። ስንወጣ ከሳሹ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ከመጀመሪያውም የሚገባኝ 6,000 ነበር» አለኝ። መሀል እንደምንቆርጥ አውቆ ቀድሞ ሠርቶታል። እንግዲህ እኛ ፊት እውነተኛውን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ይከስራል ማለት ነው።

የቤዝቦሉ ዳኛ ፊት ግን አጋንኖ የጻፈ ጠቅላላውን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ አብዛኞቹም ዳኛ ፊት ሳይደርሱ ይስማማሉ። ይህቺን ብልሃት ማኅበራችን ውስጥ ባስገባት እያልኩ ተመኝቻለሁ። የሚሰማኝ ባገኝ!

የጎደላቸው ደግሞ እርቁ ነው። ዳኞቹ ፊት ክለቡ የራሱን ተጫዋች እያየው ጉድለቱን ይዘረዝራል። ኮርቢን በርንስ በ2021 በሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። በ2023 እሱ 10.75 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ የሚልዋኪው ክለቡ 10.01 ሚሊዮን አለ። ክለቡ ረታ። በርንስ ካምፕ ሲገባ የሰማው ነገር ከክለቡ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደጎዳው ለጋዜጠኞች ተናገረ። ማንም ጉልበት ላይ የወደቀ፣ ማንም ግንባር የሳመ የለም። በዓመቱ ለኛው ሜሪላንድ ክለብ ለባልቲሞር ሰጡት፤ የኔ ልጅ በደስታ ሶፋው ላይ ዘለለ። እኛ ብንሆን ኖሮ አልኩ ለራሴ፣ አንድ በግ ታርዶ ልጁ ሚልዋኪ ይቀር ነበር።

87 ቁጥር መጋቢት ላይ ተሸኘ። አሠልጣኙ ጠዋት ቢሮ ጠርቶ ነገረው። ልጄ ትንሽ ከፋውና እንጀራውን ገፋ አደረገው። «ምን አለው?» አልኩት። «ቦታ የለህም አለው» አለኝ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየኝ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ደወለ። ሠርግ ላይ አሠልጣኙን አግኝቶት ነበር። አሠልጣኙ ተነሥቶ አቀፈው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጭቶ፣ ሦስቴ ስሞ፣ ቢራ አስቀዳለት።

«አንተ ልጅ» አለው፣ «ምነው ጠፋህ?»