ማስተካከያ፦ ኬዲ ሲያንስ ነው ትስስሩ የሚጠነክረው

ባለፈው ሳምንት ስለ መድኃኒት ምርምር ባወጣሁት ጽሑፍ፣ አንድ ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር ያለውን የትስስር ጥንካሬ ስለሚያሳየው ኬዲ (Kd) ስገልጽ፣ "የኬዲ ቁጥር ሲበዛ ሞለኪውሉ ፕሮቲኑን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ስህተቱን ያሳየችኝ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ የምትማር አንባቢ ናት። እዚያው አካባቢ ቡና ይዘን ከባዮኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፏ ጋር አመሳከርነው። ኬዲ ማለት ከፕሮቲኑ መያዣ ቦታዎች ግማሹ እንዲሞላ የሚያስፈልገው የነጻ ሞለኪውል መጠን ነው፤ የሚለካውም በሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ባለ የሞለኪውል ብዛት) ነው። ትንሽ ብቻ ጠብ ተደርጎ ግማሹ ከተሞላ፣ ሞለኪውሉ አጥብቆ ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ኬዲው 10 ናኖሞላር የሆነው፣ 10 ማይክሮሞላር ከሆነው 1,000 እጥፍ ይጠነክራል። እኔ ያስቀደምኩት ግን ሁለተኛውን ነበር።

አይሲ50ንም ከኬዲ ጋር አንድ አድርጌ ማቅረቤ ትክክል አልነበረም። አይሲ50 (IC50) የኢንዛይሙን፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ፕሮቲን፣ ሥራ በግማሽ የሚቀንሰው የሞለኪውል መጠን ነው፤ እንደ ሙከራው ሁኔታ ይለዋወጣል። ሞለኪውሉ ከሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ ከሚለውጠው ንጥረ ነገር) ጋር ለአንድ ቦታ የሚሻማ ከሆነ፣ ሰብስትሬት በተጨመረ ቁጥር አይሲ50 ከፍ ይላል። ኬዲ ግን ሙቀቱና ሞለኪውሉ ያለበት ፈሳሽ ሁኔታ እስካልተቀየረ ድረስ ያው ነው። ከተለያዩ ሙከራዎች የመጡ አይሲ50ዎችን ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማወዳደር የማያስኬደውም ለዚህ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያለውን፣ ሞለኪውሎቹን በትስስር ጥንካሬ የሚያስቀምጠውን የደረጃ ሰንጠረዥ አስተካክያለሁ። ለሴሚናር ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ የወሰዳችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።