የአፒያ መንገድ መነሻና የአክሱም ሐውልት

ጸሐፊው ጥንታዊውን የሮማውያን ጎዳና፣ የአፒያን መንገድ፣ ተከትሎ ከሮም እስከ ደቡብ ኢጣሊያው የብሪንዲሲ ወደብ ስላደረገው ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። ይሁን እንጂ በመነሻው በካፔና በር ጥቂት ቢቆይ መልካም ነበር፤ የፋሺስት ጦር ከአክሱም ዘርፎ የወሰደው ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ተነቅሎ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመው በዚሁ በር ስም በሚጠራው አደባባይ ነበርና። ከሮማዊቷ እመቤት ከሴሲሊያ ሜቴላ መቃብር አልፎ ባለው ክፍል የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ዛሬም በግልጽ ይታያል (በብስክሌት ለሚሄድ ግን ወገብ ይፈትናል)። ጽሑፉ የመሐንዲሶቹን ጥበብ አብዝቶ ሲያወድስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት ከባሮች ዓመፅ መሪው ከስፓርታከስ ጋር ያመፁ 6,000 ያህል ባሮች ከካፑዋ ከተማ እስከ ሮም በዚሁ መንገድ ዳር በመስቀል ላይ መሰቀላቸውን አለማንሣቱ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።