ክሱ ተመዝግቧል፤ ውጤቱስ?

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ያመለከተ፣ ቤት የተከራየ ወይም የታክሲ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ "ባክግራውንድ ቼክ" የሚሉትን የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ያውቀዋል። ፎርሙ ላይ ይፈርማል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ካለፈ አለፈ። ካላለፈ የሚደርሰው አጭር ኢሜይል ነው። ስለ እኔ ምን ተጽፎ ይሆን ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀውም ያኔ ነው።

ጥያቄው ቀድሞ መምጣት ነበረበት። የራሳችሁን የወንጀል ሪከርድ ሌላ ሰው ከማውጣቱ በፊት እናንተ አውጡት፤ ከምንጩ አውጡት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መንግሥትንም በዚያው ልክ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ሰው ታሰረ ብሎ የሚናገር መዝገብ፣ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ ካልተናገረ ለአሠሪና ለአከራይ ሊሰጥ አይገባም።

ብዙዎቻችን ዋሽንግተን ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ያለ ይመስለናል። የለም። ሪከርድ የሚጀምረው ከሰፈር ነው። የከተማው ወይም የካውንቲው ፖሊስ ይይዛል፣ አሻራ ይወስዳል። አሻራው ወደ ስቴቱ ማዕከላዊ መዝገብ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ኤፍቢአይ። ክሱ ግን የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ወደ አካባቢው ፍርድ ቤት። ሁለቱ የሚገናኙት አንድ ሰው ውጤቱን ከፍርድ ቤት ወደ ስቴቱ ከላከ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አይላክም። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2006 ባወጣው ሪፖርት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በኤፍቢአይ በኩል ከሚገኙት መዝገቦች ግማሽ ያህሉ የመጨረሻ ውጤት እንደሌላቸው ራሱ ጽፏል። ይህ ሲባል ምን ማለት ነው? ባልና ሚስት ተጨቃጨቁ እንበል። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ባልየው ሌሊቱን ጣቢያ አደረ፣ አሻራ ሰጠ። ከወር በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። ሰውየው ነገሩ አልቋል ብሎ ወደ ኑሮው ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ሌሊት ገና አልነጋም። ከአምስት ዓመት በኋላ የነርሲንግ ሆም ሥራ ሲያመለክት "በጥቃት ወንጀል ተይዟል" የሚለው መስመር ይወጣል። ከሥሩ ባዶ ነው። ባዶውን ቦታ ቀጣሪው በራሱ ግምት ይሞላዋል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ የምትሄዱት ጉዳዩ ወደታየበት ፍርድ ቤት መሆን ያለበት። እዚህ ላይ የብዙ ሐበሻ ኑሮ ያወሳስበዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ፣ ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ የመዝገብ ሥርዓቶች ውስጥ ይገባል ይወጣል። ሜሪላንድ የስቴቱን ፍርድ ቤቶች ጉዳዮች በስም ለመፈለግ የሚያስችል "ኬዝ ሰርች" የተባለ ነጻ ድረገጽ አላት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሚስዲሚነር የሚባለው ቀለል ያለ ወንጀል ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ይታያል፤ ፌሎኒ የሚባለው ከባዱ ወንጀል ሰርኪት ኮርት ይቀርባል። አንዱን ፈልጎ "ምንም የለም" ማለት አይበቃም። የዲሲው ደግሞ ሱፒሪየር ኮርት ነው። የትኛው ፖሊስ እንደያዛችሁ ሳይሆን ነገሩ የት ቦታ እንደተፈጸመ አስታውሱ። ፍርድ ቤቱን የሚወስነው እሱ ነው።

ድረገጹ ላይ ያያችሁት ግን ወረቀት አይደለም። ፎቶ አንስቶ ለቀጣሪ መላክ ብዙም አይረዳም። የፍርድ ቤቱ ክለርክ (የመዝገብ ሠራተኛ) መስኮት ጋ ሄዳችሁ (ብዙ ቦታ በፖስታም ይቻላል) "ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን" ብላችሁ ጠይቁ። የጉዳዩን መጨረሻ የሚገልጽ፣ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያለበት ቅጂ ማለት ነው። የኬዝ ቁጥሩን ከድረገጹ ጽፋችሁ ከሄዳችሁ ሥራው ይቀልላል። ቁጥሩ ከሌለ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ጉዳዩ የነበረበትን ዓመት ይጠይቋችኋል።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ቋንቋው ግራ ያጋባል። "ኖሌ ፕሮሴኩዊ" የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አልቀጥልበትም አለ ማለት ነው። "ዲስሚስድ" ክሱ ተዘጋ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ "ስቴት" (stet፤ ክፍለ ግዛት ከሚባለው ስቴት ጋር አይገናኝም) የሚል ቃል ይመጣል፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልሞተም። "ፒቢጄ" የሚለው ደግሞ ከፍርድ በፊት የሚሰጥ የአመክሮ ጊዜ ነው። ስቴቱ እንደ ጥፋተኝነት አይቆጥረውም። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሊቆጥረው ይችላል። ይህንን ልዩነት ሳያውቁ "እኔ ጥፋተኛ አልተባልኩም" ብለው ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ እየዋሹ አይደለምና።

ከፍርድ ቤቱ ቀጥሎ የስቴቱ መዝገብ ነው። እዚህ ደንቡ ከስቴት ስቴት ሰማይና ምድር ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ማንም ሰው የማንንም የወንጀል ታሪክ በስም ፈልጎ 24 ዶላር ከፍሎ ያወጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ተራ ዜጋ ማውጣት የሚችለው የራሱን ብቻ ነው፤ ላይቭ ስካን በሚባለው መሣሪያ አሻራ ሰጥቶ፣ ለመዝገቡ 25 ዶላር ከፍሎ። ለኔ የካሊፎርኒያው ይሻላል። ጎረቤቴ በ24 ዶላር የድሮ ጉዳዬን ገዝቶ ቡና ላይ የሚያወራበት አገር አልፈልግም። ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ ልክ ነው። ችሎት ገብቶ መከታተልና የሰውን ታሪክ እንደ ሸቀጥ መግዛት ግን አንድ አይደሉም።

የኤፍቢአዩን ለማውጣት ክፍያው 18 ዶላር ነው። አሻራ ግዴታ ነው። የአሻራ ካርድ በፖስታ መላክ ይቻላል፤ በኢንተርኔት አመልክቶ ይህን አገልግሎት በሚሰጡ ፖስታ ቤቶች አሻራ መስጠትም ይቻላል፤ ለአሻራው ለብቻ ይከፈላል። ወደ ሌላ አገር ለሥራ ወይም ለጉዲፈቻ "ከወንጀል ነጻ" ወረቀት ስትጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ይኸው ነው። የፌደራል ክስ ካለ ደግሞ ፔሰር የሚባለው የፌደራል ፍርድ ቤቶች ድረገጽ አለ። አንድ ገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ 30 ዶላር ካላለፋችሁ አያስከፍልም።

አሻራው ለምን አስፈለገ? በስም መፈለግ ለማንም አደገኛ ነው፤ ለኛ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ስም ሦስት ነው፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ አያት አንዴ ይገባል አንዴ ይወጣል። "ዮሐንስ" በእንግሊዝኛ ፊደል ቢያንስ አምስት ዓይነት ይጻፋል። የትውልድ ቀኑስ? ልደት ያልተመዘገበላቸው ብዙ ስደተኞች ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ 1 ነው። አንዳንዱ ደግሞ የኢትዮጵያን ዘመን ሳይቀይር ጽፎት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ሁለት አሕመድ መሐመድ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 የተወለዱ፣ አንድ ካውንቲ ውስጥ ቢኖሩ ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ናቸው ቢል አይግረማችሁ።

የኛ ብቻ ችግርም አይደለም። በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ካሊፎርኒያዊ መኪና ሊገዛ ሄዶ ስሙ አሸባሪዎችና የዕፅ ነጋዴዎች ካሉበት የመንግሥት ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ሻጩ እምቢ አለው። የብድር ታሪክ ሪፖርት የሚያቀርበው ድርጅት፣ ትራንስዩኒየን፣ ያመሳከረው ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክሱ ተካፋዮች 8,185 ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ2021 ለካሳ መክሰስ የምትችሉት የተሳሳተ ሪፖርታችሁ ለሌላ ወገን የተላከባችሁ 1,853 ሰዎች ብቻ ናችሁ አለ። የቀሩትን ፋይላችሁ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ካላየው አልተጎዳችሁም አላቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገ የሚላክ ስሕተት ዛሬም ስሕተት ነው።

በዚያው በ2021 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሪቨርሳይድ ካውንቲ ፍርድ ቤት ድረገጽ ላይ በትውልድ ቀንና በመንጃ ፈቃድ ቁጥር መፈለግ እንዲቀር ወሰነ። ለግል ምስጢር ጥሩ ነው። ግን ስምን ከስም ለመለየት የሚረዳውንም አብሮ ወሰደው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ከባድ ነው።

"ነጻ ሰርች" የሚሉትን ድረገጾች ግን ተዉአቸው። የአንዱን ገጽ ወደታች ሳቡና ትንንሾቹን ፊደላት አንብቡ። ይህን መረጃ ለሥራ ቅጥር፣ ለቤት ኪራይ መጠቀም አይቻልም የሚል ታገኛላችሁ። እንዲህ የሚጽፉት ስለ ሰዎች ሪፖርት የሚሸጡ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው፣ በ1970 የወጣው የፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ ሕግ እንዳይነካቸው ነው። ስፖኪዮ የተባለው የሰዎችን መረጃ ሰብስቦ የሚሸጥ ድርጅት በ2012 በዚሁ ሕግ ምክንያት ከፌደራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 800,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሕጉ ለናንተ የሚሠራ ነው፤ ተጠቀሙበት። ቀጣሪ ከሪፖርት አቅራቢ ድርጅት ሪፖርት ለማዘዝ የናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክላችሁ ካሰበ ከመወሰኑ በፊት ቅጂውን ይሰጣችኋል። ስሕተት ካለ ለድርጅቱ ጻፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። በጥፋተኝነት ያላለቀ እስር ከሰባት ዓመት በኋላ ባብዛኛው ሪፖርት አይደረግም። የጥፋተኝነት ፍርድ ግን በፌደራሉ ሕግ ጊዜ አይሽረውም። ለድርጅቱ ስትጽፉ ያቺን ማህተም ያለባት ወረቀት አያይዙ። ያለሷ ክርክሩ ወሬ ነው።

ሕጉ የጎደለው ግን እዚህ ላይ ነው። የማጣራቱን ሸክም የጫነው በተጎዳው ሰው ላይ ነው። ውጤቱን ያላከው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ባዶውን መስመር የሸጠው ድርጅቱ ነው፤ ከሥራ ቀርቶ ክለርክ መስኮት ጋ የሚሰለፈው ሹፌሩ ነው። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ2012 መመሪያው መታሰር ብቻውን ወንጀል ለመፈጸሙ ማስረጃ አይደለም ብሏል። እንደዚያ ከሆነ ውጤት የሌለው እስር ከነጭራሹ ለምን ይሸጣል? ፔንሲልቬኒያ በ2018 "ክሊን ስሌት" በሚባለው ሕጓ አንዳንድ ሪከርዶች ማንም ሳያመለክት በራሳቸው ጊዜ ከሕዝብ እይታ እንዲሸሸጉ አድርጋለች። ኮምፒውተሩ መሸሸግ ከቻለ "ውጤቱ አልተሞላም፣ አትልቀቀው" የሚል ትእዛዝ መቀበል አያቅተውም።

ሪከርዳቸውን ያሠረዙ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ፎርም የተሠረዘና የታሸገ እስርንም ይጠይቃል። "ተሠርዟል፣ የለብኝም" ብላችሁ "ኖ" ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ከድሮው ጉዳይ ይልቅ የሚጎዳችሁ አሁን የሰጣችሁት መልስ ነው። ስለዚህ ከማሠረዛችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሰርቲፋይድ ቅጂ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ። መዝገቡ ከታሸገ በኋላ ማግኘት ራሱን የቻለ መከራ ነው። ፍርድ ቤቱ ፋይሉ አርጅቶ ተወግዷል ካላችሁም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ፈልገን አላገኘንም የሚል፣ ክለርኩ የፈረመበት ደብዳቤ ጠይቁና እሱን ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።