«አለ» እያለ «በማለት አብራራ» ለምን?

ደሴ ውስጥ ልብወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ረቂቃቸውን ሲሰጡኝ ደስ እያለኝ ነው የማነበው። ሰፈሩን ያውቁታል። ፒያሳው፣ ሰኞ ገበያው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ሰዎቹም ሲያወሩ የኛው ሰዎች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ማን እንደተናገረ ሊነግሩን ሲሉ።

የማንንም ረቂቅ ላለማጋለጥ ምሳሌውን ራሴ ልፍጠር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ ሚኒባስ የሀረጎን ዳገት እየወጣ ነው።

«ወራጅ አለ!» በማለት አዛውንቷ ከፍ ባለ ድምጽ ተናገሩ።
«እዚህ ማቆም አይቻልም እማማ» ሲል ረዳቱ በትህትና አብራራ።
«ጉልበቴን ያመኛል እኮ ልጄ» በማለት አዛውንቷ በሐዘን ስሜት ገለጹ።

ሦስቱም ንግግር ጥሩ ነው። የገደላቸው ጭራው ነው። «ገለጹ»፣ «አብራሩ»፣ «አስታወቁ»፣ «አከሉ» የዜና ቃላት ናቸው። ለዜና ይሆናሉ። የታክሲ ረዳት ግን መግለጫ አይሰጥም። በዚያ ላይ ትምህርት ቤት «አንድ ቃል አትደጋግሙ» ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ «አለ»ን ሁለቴ ከጻፈ በሦስተኛው ይጨንቀዋል።

አሜሪካዊው የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ ኤልሞር ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አስር የአጻጻፍ ሕጎች አውጥቶ ነበር። ሁለቱ ስለዚሁ ጉዳይ ናቸው። ለንግግር ከ«አለ» ሌላ ግስ አትጠቀሙ፤ «አለ»ንም በ«በቁጣ» በ«በትህትና» አታጅቡት ይላል። እሱ ይህን ያለው ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ «አለ» ማለት «አለ» ብቻ ነው። የኛው ከዚያ በላይ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ አናሠራውም። እስቲ ያንኑ ሚኒባስ እንደገና፦

«ወራጅ አለ!»
«እዚህ ማቆም አይቻልም እማማ።»
«ጉልበቴን ያመኛል እኮ ልጄ» አሉት፣ ዘንቢላቸውን ወደ እግራቸው እየሳቡ።
«እሺ በቃ» ብሎ የሹፌሩን ወንበር መታ መታ አደረገ።

«አሉት» ውስጥ ስንት ነገር እንደገባ እዩ። የተናገሩት የሚከበሩ ሰው ናቸው፤ የሰማው አንድ ወንድ ነው፤ ከሳቸውም ያንሳል። «አዛውንቷ ለረዳቱ» ማለት አላስፈለገም። «እማማ» እና «ልጄ» ደግሞ የቀረውን ጨርሰውታል። «ብሎ»ን ደግሞ በጣም ነው የምወደው። ንግግሩን ይዞ ሳይቆም ወደ ድርጊቱ ይሻገራል። «መጣሁ» ብላ ነጠላዋን አነሳች። «አይሆንም» እያለ በሩን ከፈተ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃችን እያለ «በማለት ተናገረች» ብሎ አረፍተ ነገሩን ማስቆም ያሳዝነኛል።

አክብሮቱም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ሆጤ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው እንበል፣ ተራኪው። ስለ አከራዩ ሲያወራ ምዕራፉን ሙሉ «አሉኝ» ሲል ይቆያል። ኪራይ የጨመሩበት ቀን «ከፈለግህ ውጣ አለችኝ» ይበል። «በንዴት» የሚል ቃል አልተጻፈም፤ አንባቢው ግን ልጁ እንደተቃጠለ ገብቶታል። ይህ የሚሠራው ግን ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በንጹሕ «አሉኝ» ከተጻፈ ነው። አንዴ «ገለጹልኝ»፣ አንዴ «አስረዱኝ» እያለ ከመጣ ለውጡን ማንም አያየውም።

የሚያስቸግርም ቦታ አለ። ሦስት ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ቢያወሩ ሁሉም «አለች» ናቸው። እዚያ ስም መጥራት ግድ ነው፤ አያሳፍርም። ከዚያ የሚሻለው ግን አነጋገራቸውን መለየት ነው። አንዷ ለነገር ሁሉ «አብሽሪ» የምትል፣ ሌላዋ «ወላሂ» ሳትል አፏ የማይፈታ፣ ሦስተኛዋ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቅ ትሁን። አቦሉ ሳያልቅ አንባቢው በድምጻቸው ይለያቸዋል። ሲኒ ማለቅለቁን፣ ፍም መቆስቆሱን በየመስመሩ መለጠፍም አይጠቅም፤ ያም ሲበዛ ያሰለቻል።

ሹክሹክታና ጩኸትስ? ንግግሩ ራሱ ካልተናገረ ይጻፍ። «ውጣልኝ!» ካለ በኋላ «ሲል ጮኸ» ትርፍ ነው። «ደህና ነኝ» ብላ በሹክሹክታ ከተናገረች ግን ያንን ካልነገሩን አናውቅም።

«አለ ሲደጋገም በትረካ ጆሮ ይሰለቻል» የሚሉኝ አሉ። በሬዲዮ ትረካ ላደገ ሕዝብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አድማጩ ትእምርተ ጥቅስ አያይም፤ ማን እንደሚያወራ በቃል መስማት አለበት። ግን ጆሮ «አለች»ን ሳያስተውል ነው የሚያልፈው። የሚያደናቅፈው «በማለት አስረዳች» ነው። ለማረጋገጥም ቀላል ነው። ረቂቁን ለእናታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ወረቀቱን አታሳዩ። «ማን ነው ያለው?» ያሉበት ቦታ ላይ «አለ» ጨምሩ። ያልጠየቁበትን ሰርዙ።